ስለ ድንግልና ምልክት የሚነገረውና እውነቱ



በሐይቅና በአምባሰል ገጠር ከእናቶች ጋር ስለ ወሊድ ጤና ስንነጋገር፣ አንዲት እናት ሌሎቹ እስኪወጡ ቆዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ልጄ በጥር ትዳራለች፤ ሕፃን ሳለች ከበቅሎ ወድቃለች፤ ደም ባይታይ ምን ይውጠኛል?» አሉን።

ጥያቄው ከየት እንደ መጣ የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ብር አምባር በሚባለው ልማድ ሚዜዎች ደም የነካውን ጨርቅ ለወላጆች ያቀርባሉ፤ ቤቱም በእልልታ ይሞላል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ሙሽራይቱ ልትመለስ፣ ቤተሰቡም ሊዋረድ ይችላል። ልማዱ በብዙ ቦታ እየቀረ ቢሄድም ፍርሃቱ አልቀረም፤ ከክርስቲያን እናቶችም ከሙስሊም እናቶችም ሰምተነዋል።

ጭንቀቱ ሁሉ የተንጠለጠለው ሐኪሞች ሃይመን በሚሏት ስስ ሥጋ ላይ ነው። ብዙ ሰው እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረች፣ ቀዳዳ የሌላት ክዳን አድርጎ ያስባታል። እንዲህ አይደለችም። በብልት በር ዙሪያ ያለች የሥጋ እጥፋት ናት፤ መካከሏም ክፍት ነው። ክፍት ባይሆን የወር አበባ በየት በኩል ይወርድ ነበር? ቅርጿም እንደ ሰው መልክ ይለያያል፤ በአንዷ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ትይዛለች፣ በሌላዋ እንደ ግማሽ ጨረቃ ትሆናለች፣ በአንዳንዷም በጭንቅ የምትታይ ናት። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሥጋዋ ለስላሳና የሚለጠጥ ይሆናል። ስለዚህም ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ሌሊት ከቶ አይደሙም። ደም ሲታይም ብዙ ጊዜ ፍርሃት፣ ድርቀትና ጉልበት ያመጣው ነው። ገና ያልጠናች ልጅ በግድ ስትያዝ የሚፈሰው ደም ከቁስል የወጣ ደም ነው። ለዚህ እልል ማለታችንን ስናስበው ያሳፍረናል።

የበቅሎዋን ነገር በተመለከተ፣ መውደቅም ሆነ እንጨት መሸከም ድንግልናን አይወስድም። ቦታውን የሚያቆስል አደጋ አልፎ አልፎ ይኖራል፤ እርሱም ቢሆን እንደ ማንኛውም ቁስል የሚታከም ነው።

«ሐኪም ቤት ወስደን እናስመርምራት» የሚሉ አባቶችም አሉ። ሐኪምም ሆነ አዋላጅ ግን አይቶ ሊናገር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ልጃገረዶች ተመርምረው እርግጠኛ ምልክት የተገኘው በ2ቱ ብቻ ነበር። ነፍሰ ጡር ሆነው እንኳ! እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ ይህ ምርመራ ጎጂና የሳይንስ መሠረት የሌለው ስለሆነ እንዲቀር ጠይቋል። እንግዲህ የተደፈረች ልጅም «ምልክት አልተገኘባትም» ተብላ ቃሏ ሊጣል አይገባም።

የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን በተለይ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን። ከስንት አንዲት ልጅ ይህች ሥጋ ከልደት ጀምሮ ፈጽሞ የተዘጋች ትሆናለች። ልጅቷ ጡት አውጥታ፣ ዕድሜዋ ደርሶ ሳለ የወር አበባ አይታይባትም፤ በየወሩ ግን ሆዷን ይቆርጣታል። ደሙ በውስጥ ስለሚጠራቀም ከእንብርቷ በታች ሊነፋ ይችላል። ጎረቤት «አርግዛለች» ይላል፤ ወንድም ዱላ ያነሣል። ሕመሟ ግን በትንሽ ቀዶ ጥገና የሚድን ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ደሴ ሆስፒታል ላኳት።

«ሳትበላሽ እንዳራት» እየተባለም ልጆች ያለ ዕድሜያቸው ይዳራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል፤ የክልሉም ሕግ እንዲሁ ነው።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ዘዳግም 22ን ያነሡብናል። እውነት ነው፣ እዚያ ጨርቅ አለ፤ ፍርዱም ከባድ ነው። ነገር ግን ጨርቁን የሚይዙት የልጅቷ ወላጆች ናቸው፤ በሐሰት ስሟን ያጠፋው ባል ይቀጣል፣ መቶ ሰቅል ብር ይከፍላል፣ ዕድሜውንም ሁሉ ሊፈታት አይችልም። ማቴዎስም ዮሴፍን ጻድቅ ብሎ ሲያነሣው እጮኛውን በሰው ፊት ሊያጋልጣት እንዳልወደደ አብሮ ይናገራል። እኛ ከጋብቻ በፊት ራስን መጠበቅን ማስተማር አልተውንም፤ ትምህርቱም ለወንዱም ለሴቷም ነው። ለወንዱ ግን ጨርቅ ሲዘረጋለት እስከ ዛሬ አላየንም።

ይህን ሁሉ ለእኚያ እናት ነገርናቸው። በጸጥታ ሰሙንና፣ «እኔስ ገባኝ፤ ለሙሽራው እናት ማን ይንገርልኝ?» አሉ። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሙሽራውን ወገኖች ጠራን። እናቲቱና ሁለት ሚዜዎች መጡ፤ ሙሽራው ግን አፍሮ ቀረ። ታላቅየው ሚዜ፣ «እኛ ጨርቅ ይዘን አንገባም፤ የቀረውን ለእርሱ እኔው እነግረዋለሁ» ብሎን ሄደ።