ብስክሌቱ መብራት ሲበራ ለምን ይከብዳል?

ዳይናሞ ያለው ብስክሌት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዳይናሞ ከጎማው አጠገብ የምትታሰር፣ ትንሽ ጠርሙስ የምትመስል ብረት ናት። ሲመሽ ነጂው ወደ ጎማው ያስጠጋታል። ጎማው ሲዞር ጫፏም አብራ ትዞራለች። ወዲያው የፊቱ መብራት ቦግ ይላል። ባትሪ የለ፣ ነዳጅ የለ። ታዲያ ብርሃኑ ከየት መጣ?

ነጂውን ብትጠይቁት ሌላም ነገር ይነግራችኋል። መብራቱ ሲበራ ብስክሌቱ ይከብደዋል። መንገዱ ያው ነው፣ ብስክሌቱም ያው ነው፤ ግን እግሩ ይደክማል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዳይናሞዋን ብንፈታት ውስጧ ሁለት ዋና ነገር እናገኛለን። አንዱ ማግኔት ነው፤ ልጆች ከተሰበረ ራዲዮ አውጥተው ሚስማር የሚለቅሙበት ዓይነት። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ጎማው ማግኔቱን ያዞረዋል። ማግኔቱ በሽቦው አጠገብ ሲዞር በሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ይሄዳል። ሌላ ምሥጢር የላትም።

ይህን ያገኘው ማይክል ፋራዴይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ከመማር በቀር ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባና 7 ዓመት ቆየ። የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ያነበበው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1813፣ ለንደን ውስጥ በአንድ የሳይንስ ተቋም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን በቀመር የምንማረውን ነገር ይህ ሰው በእጁና በዓይኑ ነው የደረሰበት። የረቀቀ ሒሳብ አያውቅም ነበር።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 ያደረገውን እንመልከት። የመዳብ ሽቦ ወስዶ በወረቀት ቀፎ ላይ ጠመጠመ። የሽቦውን ጫፎች ኮረንቲ ሲያልፍባት ከምትነቃነቅ መርፌ ጋር አገናኘ። ከዚያ ማግኔት ያዘና ወደ ቀፎው ውስጥ ገፋው። መርፌዋ ተነቃነቀች! ማግኔቱን እዚያው ትቶ ጠበቀ። መርፌዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ዝም አለች። ማግኔቱን መዞ አወጣው። አሁንም ተነቃነቀች፤ ግን ወደ ሌላው አቅጣጫ።

ልብ በሉ። ማግኔቱ ቆሞ ሳለ ኮረንቲ የለም። ዓመት ሙሉ ሽቦ ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይሰጥም። ኮረንቲ የሚመጣው ሲገባና ሲወጣ፣ ሲቀርብና ሲርቅ ነው። ዋናው ቁም ነገር እንቅስቃሴው ነው። ፈጥኖ ከተንቀሳቀሰ ኮረንቲው ይበረታል። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከተጠመጠመም ይበረታል። ማግኔቱ ጠንካራ ከሆነም እንዲሁ።

ማግኔትን ቀኑን ሙሉ በእጅ ማስገባትና ማስወጣት ግን አይቻልም። ስለዚህ ማዞር ይሻላል። የሚዞር ማግኔት አንዴ ወደ ሽቦው ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ኮረንቲውም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይመላለሳል። በአገራችን መሥመር ውስጥ ያለው ኮረንቲ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። ዓይናችን ይህን አይለይም፤ አምፖሉ ዝም ብሎ የበራ ይመስለናል።

አሁን ወደ ብስክሌቱ እንመለስ። ለምን ከበደ? ኮረንቲ የሚያልፍበት ጥቅል ሽቦ እሱ ራሱ ማግኔት ይሆናል። ማግኔት ከሆነ ደግሞ የሚዞረውን ማግኔት ይታገለዋል። ሲቀርብ ይገፋዋል፣ ሲርቅ ይጎትተዋል። ነጂው ያንን ትግል በእግሩ ማሸነፍ አለበት። አምፖሉ ተነቅሎ ሽቦው ቢቆረጥ ኮረንቲ አያልፍም፤ ትግሉም ይቀራል። የቀረው ሰበቃው ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ብርሃን የነጂው ጉልበት ነው። ብርሃን በነፃ አይገኝም ማለት ነው።

የብስክሌት ዳይናሞ የሚሰጠው 3 ዋት ያህል ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል። አስቡት፤ አንድ እናት እንጀራ እስኪጋግሩ ድረስ ከ1,000 በላይ ብስክሌት ነጂዎች ደጅ ላይ ፔዳል መምታት ሊኖርባቸው ነው! ሰው ሁሉ ምጣዱን በአንድ ሰዓት ሲጥድ የማመንጫው ማግኔት ልክ እንደዚያ ብስክሌት ይከብዳል። ያን ጊዜ ውሃ የሚያስገባው በር ይሰፋና ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ውሃው ካልበቃ ፍጥነቱ ይወርዳል። መሣሪያው እንዳይጎዳም የአንዳንድ ቦታ መብራት ይቆረጣል።

በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። 43,200 ኪሎ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 13 ማመንጫዎች አሉት፤ አቅማቸው በድምሩ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ሜጋ ዋት 1,000 ኪሎ ዋት ነውና የልዩነቱን ስፋት እናንተው አስሉት። መጠኑ እንዲህ ይራራቅ እንጂ ሥራው ከዳይናሞዋ ጋር አንድ ነው። በጎማው ፈንታ ተርባይን የተባለ መዘውር አለ። በነጂው እግር ፈንታ ደግሞ ከላይ የሚወርድ ውሃ አለ።

በማታ ትምህርት ላይ አንድ አባት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ኮረንቲውን ከውሃው ውስጥ ካወጡት ውሃው ጉልበቱ አለቀ ማለት አይደል? ያ ውሃ እህል ያበቅላል?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከግድብ በታች በመስኖ የሚያርስ ሰው ሊጠይቀው ይገባል። «አባቴ፣ የውሃ ወፍጮ ያውቁ የለም?» አልኳቸው። ውሃው መዘውሩን ይመታል፣ ድንጋዩ ይዞራል፣ እህሉ ይፈጫል። ውሃውም ወደ ወንዙ ይመለሳል። ዱቄቱ ከውሃው ውስጥ ወጣ የሚል የለም። ውሃው ያዋጣው ግፊቱን ነው። ግፊቱም የመጣው ከከፍታ ስለወረደ ነው። ተርባይኑን አልፎ የወጣ ውሃ ያው ውሃ ነው፤ ያጠጣል፣ ያበቅላል።

አባትየው ግን በከንቱ አልጠረጠሩም። ግድብ ደለል ያስቀራል። ወንዙ ይዞት ይወርድ የነበረው ለም አፈር ከግድቡ ኋላ ይተኛል። ውሃው የሚለቀቅበት ጊዜም ይለወጣል። ገበሬው ቢጠይቅ እነዚህን ሁለት ነገሮች ቢጠይቅ ይሻላል፤ ኮረንቲው ውሃውን አልነካውም።

ወንዝ በሌለበት ማግኔቱን ሌላ ነገር ያዞረዋል። ነፋስ ያዞረዋል፤ በአዳማና በአሸጎዳ ይህ አለ። በሱቆች ደጅ የሚጮኸውን ጄኔሬተር ደግሞ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ያዞረዋል። ይህኛው ጭስ አለው። በጭሱ ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለ፤ ሰው ሳያውቀው ያዞረዋል፣ ያስተኛዋል፣ ይገድለዋል። ዝናብ እንዳይመታው ወይም ሌባ እንዳይወስደው ብላችሁ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አታስነሡ። በረንዳ ላይም መስኮት ሥር አታድርጉት። ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ደጅ ላይ አቁሙትና ሽቦውን ብቻ ወደ ቤት አስገቡ።