መንግሥት በአንድ ቀን አይቆምም

በየዓመቱ ግንቦት 10 ቀን ሐርጌሳ በባንዲራ ስታሸበርቅ ተማሪዎቻችን ሰልፉን በደስታ ይመለከታሉ። «የሶማሌላንድ መንግሥት እንዴት ተመሠረተ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ሦስት ስህተቶች ተደጋግመው ይሰማሉ። የምንኖርባትን ከተማ ማወቅ የጉርብትና ወግ ነውና ስህተቶቹን እንያቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው፣ ሁሉም ነገር በ1991 ተጀመረ የሚለው ነው። ሶማሌላንድ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችው ጁን 26 ቀን 1960 ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ጁላይ 1፣ በጣልያን ሞግዚትነት ሥር ከነበረው ደቡብ ጋር ተዋሐደች። የ1991ዱ አዋጅም የቀድሞውን ነጻነት ስለ መመለስ የሚናገር ነው።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ናቸው የሚለው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በስማቸው ስለሚጠራ ልጆቹ ቢሳሳቱ አይደንቅም። ከ1991 እስከ 1993 የመሩት ግን አብዱራህማን አሕመድ አሊ ቱር ናቸው፤ ኢጋል ሁለተኛው ናቸው።

ሦስተኛውና ትልቁ ስህተት አዋጁ በታወጀ ማግስት መንግሥትም ሰላምም የመጣ መምሰሉ ነው። ሜይ 18 ቀን 1991 በቡርኦ ከታወጀ በኋላ፣ በ1992 በዚያችው በቡርኦና በበርበራ ታጣቂዎች እርስ በርስ ተዋግተዋል። ነገሩን ያበረዱት የጎሣ ሽማግሌዎች ናቸው። በ1993 በቦራማ ለወራት ተቀምጠው ተወያዩ፤ ቻርተር አጸደቁ፤ ኢጋልን መረጡ፤ «ጉርቲ» የሚባለውን የሽማግሌዎች ምክር ቤትም የመንግሥቱ አካል አደረጉ። ሕገ መንግሥቱ በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሜይ 31 ቀን 2001፣ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመረጠው ደግሞ በ2003 ነው።

በአሜሪካ ታሪክም ይኸው ስህተት ያጋጥመናል። ብዙ ተማሪዎች ጆርጅ ዋሽንግተን ጁላይ 4 ቀን 1776 ፕሬዚዳንት የሆኑ ይመስላቸዋል። በዚያ ቀን የነበረው የነጻነት አዋጅ ብቻ ነው። አሥራ ሦስቱ ግዛቶች መጀመሪያ ያቆሙት ማዕከል ግብር የመጣል ሥልጣን እንኳ አልነበረውም። ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው በ1787፣ ዋሽንግተን ሥልጣን የያዙት በ1789 ነው።

ልጆቻችን «መቼ ታወጀ?» ከሚለው ጋር «ማን ከማን ጋር ተስማማ?» ብለው መጠየቅን ይልመዱ። ወላጆችም ብትረዱን መልካም ነው፤ እዚህ አሕመድ ዳጋህ የቦራማን ጊዜ የሚያስታውሱ አዛውንት ጎረቤቶች አሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው።