ሥራ ፈላጊ በምን ይተማመን?

ሥራ ፍለጋ ወራት ያስቆጠረን ወጣት «አይዞህ፣ በራስህ ተማመን» ማለት የተለመደ ነው። ምክሩ ከፍቅር ይመነጫል፤ ጥያቄው ግን በምን ይተማመን የሚለው ነው። ሲቪውን በየድርጅቱ አስገብቶ አንድም ስልክ ያልተደወለለት፣ «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ሲሄድ ረጅም ሰልፍ የጠበቀው ሰው፣ ያየው ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚነግረው።

በዚህ ጉዳይ የሥነ ልቦና ሳይንስ ብዙ የተማረው እባብ ከሚፈሩ ሰዎች ነው። በካናዳ የተወለደውና በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አልበርት ባንዱራ፣ እነዚህን ሰዎች በመጀመሪያ ሌላ ሰው እባብ ሲይዝ እንዲያዩ አደረገ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየቀረቡ፣ እየነኩ፣ በመጨረሻ በእጃቸው እስከ መያዝ ደረሱ። ፍርሃታቸውን ከሁሉ በላይ የሰበረው የገዛ እጃቸው ሥራ ነበር። ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ «ይህን መሥራት እችላለሁ» የሚለው እምነት አራት ምንጮች እንዳሉት አስረዳ፦ ራስ ሠርቶ ማየት፣ የመሰሉትን ሰው ሲሳካለት ማየት፣ የሰው ማበረታቻ፣ እንዲሁም እንደ ልብ ምት ያለውን የሰውነት ስሜት የምንረዳበት መንገድ። ብርቱው የመጀመሪያው ነው። «አይዞህ» ከማበረታቻ ወገን ስለሆነ ብቻውን ሩቅ አይወስድም።

በእስራኤል ዶቭ ኤደንና አሪ አቪራም ይህን ሐሳብ በሥራ አጦች ላይ ፈተኑት። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳተሙ። በስልጠናው ተሳታፊዎቹ ሌሎች ሰዎች ሥራ ፍለጋን በተሳካ መንገድ ሲያከናውኑ በቪዲዮ ያዩ ነበር፤ ከዚያም ራሳቸው ይለማመዱታል። የሥራ ፍለጋ ጥረታቸው ጨመረ። ሥራ በማግኘት በኩል የተጠቀሙት ደግሞ መጀመሪያ በራሳቸው ብዙም የማይተማመኑት ነበሩ።

ለእኛ የሚቀርበው ማስረጃ ግን ከአዲስ አበባ የተገኘው ነው። ግሩም አበበ ከሌሎች የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው ጥናት ወጣት ሥራ ፈላጊዎች በቡድን ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ለሥራ ፍለጋ ወደ መሐል ከተማ የሚመላለስበት የትራንስፖርት ድጎማ አገኘ። ሌላው የማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ስልጠና ወሰደ፤ ችሎታው በፈተና ተለክቶም ሰርተፍኬት ተሰጠው። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የድጎማው ውጤት ጠፍቶ፣ ስልጠናውን የወሰዱት ገቢ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጥቅሙ ያመዘነውም በሥራ ገበያው ላይ ዕድላቸው ጠባብ ለሆነ ወጣቶች ነበር። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ወጣቶቹ ቀጣሪ የማያየው ጠቃሚ ችሎታ አላቸው የሚል ነው። ጥናቱ የለካው በራስ መተማመንን አይደለም፤ ሆኖም የተለካና በወረቀት የሰፈረ ችሎታ ለባለቤቱም መደገፊያ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

በራስ መተማመን ክፍት የሥራ መደብ አይፈጥርም። ሥራ በጠፋበት ከተማ ወጣቱን «ድፍረት አጣህ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። በእጃችን ያለውን ግን እናድርግ። ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ከመመረቁ በፊት በቃለ መጠይቅ ያለማምዱት፤ ሲመረቅም ምን መሥራት እንደሚችል የሚመሰክር የተግባር ፈተና ውጤት ይስጡት። ሥራ የሚፈልግ እህት ወይም ወንድም ያላችሁ ደግሞ፣ ከምክራችሁ ጋር ግማሽ ሰዓት ስጧቸው፦ እንደ ቀጣሪ ጠይቋቸው፣ መልሳቸውን አርሙላቸው፣ እንደገናም ጠይቋቸው።