የፑምዋኒ ክሊኒክ ትምህርት

በናይሮቢ ከተማ ፑምዋኒ በሚባለው ሰፈር የአገሩ ተወላጆችና ከታንዛንያ የመጡ ሴቶች በሴተኛ አዳሪነት ይተዳደሩ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በናይሮቢ ከተመረመሩት ድኆች ሴተኛ አዳሪዎች ከመቶው 66ቱ የኤድስ ተሕዋስ እንደ ተገኘባቸው ገለጠ።

ከርክርንና ቂጥኝን የመሰለ የብልት ቁስል ለዚሁ ተሕዋስ በር ይከፍታል፤ ሐኪሞችም በሰፈሩ ክሊኒክ አቋቁመው ሴቶቹን ማከምና ኮንዶም ማደል ጀመሩ።

ጥቂቶቹ ሴቶች ለብዙ ዓመታት ሳይያዙ በመቆየታቸው ሊቃውንት ተደነቁ፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሥራውን አቋርጠው ከተመለሱ በኋላ ተያዙ። ስለዚህ በተፈጥሮ መከላከያ ብቻ መታመን አይገባም።

ሴቶቹን ማሳደድ በሽታውን ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ወንዱም ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። እንግዲህ ሹሙም ነጋዴውም ሊያስቡበት የሚገባው የክሊኒክ በር እንዳይዘጋ ነው።