ከሰባት አጫጭር ሸክላዎች የተሰበሰበ አልበም

አስቀድመው የወጡ ዘፈኖችን ለቅሞ በአንድ አልበም ማሳተም በሸክላ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚደረገውም ገዢው በቤቱ ያለውን ዘፈን መልሶ እንዲገዛ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለውን ስብስብ በጥርጣሬ መመልከት ተገቢ ነው። ዛሬ የምናወሳው የስኮትላንድ ባንድ ስብስብ ግን ከዚህ ወቀሳ የሚድንበት ምክንያት አለው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቤል ኤንድ ሰባስቲያን የተባለው ባንድ በ1996 በግላስጎ ከተማ ተመሠረተ። ስሙን የወሰደው ሴሲል ኦብሪ የተባለች ፈረንሳዊት ስለ አንድ ልጅና ስለ ውሻው ከደረሰችው ታሪክ ነው። ዋናው የዘፈን ደራሲ ስቱዋርት መርዶክ በጽኑ የድካም ሕመም ተይዞ ለዓመታት ከሥራ ርቆ የቆየ፥ ዘፈን መድረስንም በዚያው ጊዜ የጀመረ ሰው ነው። በከተማው የስቶ ኮሌጅ የሙዚቃ ንግድ ተማሪዎች በየዓመቱ ለትምህርታቸው አንድ ሸክላ ያሳትሙ ነበርና፥ በዚያ ዓመት የመርዶክ ዘፈኖች ስለ በዙ ሙሉ አልበም ተቀረጸ። ታይገርሚልክ የተባለው ይህ ሥራ በ1,000 ቅጂ ብቻ ታተመ። ከዚህ በኋላ ባንዱን የተቀበለው ጂፕስተር የተባለ አነስተኛ የለንደን ኩባንያ ነው፤ ኢንዲ ፖፕ የሚባለውም የሙዚቃ ዐይነት ስሙን ያገኘው ለታላላቆቹ ኩባንያዎች ካላደሩ ከእንዲህ ያሉ አሳታሚዎች ነው።

በንግዱ ሥርዐት ከአልበሙ ውስጥ ይወደዳል የተባለው ዘፈን ተነጥሎ በአጭር ሸክላ ይወጣል፤ ይኸውም ለአልበሙ እንደ ማስታወቂያ እንዲያገለግል ነው። መርዶክና ጓደኞቹ በጂፕስተር ሳሉ ይህን አላደረጉም። ሦስት ወይም አራት ዘፈን የሚይዘውን አጭር ሸክላ ራሱን የቻለ ሥራ አድርገው ቈጠሩት። በ1997 ብቻ ሦስት አወጡ። የመጀመሪያው፥ ዶግ ኦን ዊልስ፥ ከታይገርሚልክ በፊት የተቀረጹ ሙከራዎችን የያዘ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ዘፈን በአልበሙ ላይ በሌላ ቅጂ ይገኛል። ሁለተኛው ሌዚ ላይን ፔይንተር ጄን፥ ሞኒካ ክዊን የተባለች የግላስጎ ዘፋኝ በኀይለኛ ድምፅ ከመርዶክ ለስላሳ ድምፅ ጋር የተቀባበለችበት ሲሆን፥ በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ 41ኛ ሆነ። በዚያ አገር ክብር የሚሰጠው እስከ 40ኛ ላለው ነውና ደጃፉ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የዚህ አቋም ዋጋው ቀላል አልነበረም። አልበሞቹን ብቻ የገዛ ሰው ከባንዱ ሥራ እጅግ የተዋበውን ክፍል ሳይሰማ ይቀር ነበር፤ አጫጭሮቹም ከመደብር ሲያልቁ ዘፈኖቹ አብረው ይጠፉ ነበር። በ2005 ጂፕስተር ከ1997 እስከ 2001 የወጡትን ሰባት አጫጭር ሸክላዎች፥ በጠቅላላው 25 ዘፈኖች፥ በሁለት ሲዲ ሰብስቦ ፑሽ ባርማን ቱ ኦፕን ኦልድ ዉንድስ በሚል ስም አሳተመ። ስሙ የመጠጥ ቤት አሳላፊንና የቈየ ቍስልን ያገናኘ ሲሆን፥ ትርጕሙን ለመፈለግ መድከም የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ከሁሉ የሚደነቀው አደራደሩ ነው። የታወቁት ወደ ፊት፥ ያልታወቁት ወደ ኋላ አልተደረጉም፤ በመዝገብ ቤት ያለ ፋይል ደብዳቤዎቹን በየቀናቸው እንደሚይዝ፥ ዘፈኖቹ በወጡበት ተራ ተቀመጡ። ስለዚህ አድማጩ ባንዱ ሲለወጥ ይሰማል። በ1997ቱ ውስጥ ድምፁ ያልተስተካከለ፥ ግን የጋለ ነው። በ2000 የወጣው ሊጋል ማን ለጭፈራ የሚመች ሆኖ 15ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ስቱዋርት ዴቪድም በዚያው ዓመት ባንዱን ለቀቀ። በ2001 ደግሞ ሙዚቃው የተጣራ ሆነ። በእኛ አስተያየት ፊተኛዎቹ ይበልጣሉ።

በመሰብሰቡ የጠፋ ነገር መኖሩም አይካድም። እያንዳንዱ አጭር ሸክላ በአንድ ቀለም የተነከረ ፎቶግራፍ ያለበት የራሱ ሽፋን ነበረው፤ አራት ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪወጣ ወራት ይጠበቁ ነበር። አሁን ዘፈኖቹ ያለ ዕረፍት ይከታተላሉ። ስለዚህ ስብስቡን ያገኘ ሰው በአንድ ቀን ከሦስት ወይም ከአራት ዘፈን በላይ ባይሰማ ይሻለዋል።