ከመቻራ አናት የሚያልፈው ኳሳር

በሚያዝያ መጨረሻ፣ የበልጉ ደመና ገለል ካለ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሰንቡላ የተባለው የከዋክብት ስብስብ ዳሮ ለቡ ወረዳ ባለችው መቻራ ከተማ ላይ ከአናት ብዙም ሳይርቅ ይታያል። በውስጡ ዐይን የማይደርስበት፣ ጥሩ ቴሌስኮፕ ግን የሚያሳየው ደብዛዛ ነጥብ አለ። ስሙ 3ሲ 273 ነው። ሲያዩት ተራ ኮከብ ይመስላል፤ ዛሬ ዳሮ ለቡ ወረዳ የሚደርሰው ብርሃኑ ግን ጉዞ የጀመረው ከ2 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ምድር ላይ እንስሳ ገና ሳይኖር ነው።

ኮከብ አለመሆኑን የደረሰበት ማርተን ሽሚት ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ.። ይህን ያህል ርቆ ከታየ የፍኖተ ሐሊብን ከዋክብት ሁሉ ብርሃን ወደ መቶ እጥፍ ማብራት አለበት። የብርሃኑ ምንጭ በአንድ ጋላክሲ እምብርት የተቀመጠ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ራሱ አያበራም፤ የሚያበራው ወደ እሱ እየተሽከረከረ የሚወርደው፣ በመፋተግ የጋለው ጋዝ ነው። እንዲህ ያለው አካል ኳሳር ይባላል።

ኮከብም የሚወለደው ከጋዝ ነው፤ ያውም ከቀዝቃዛ ጋዝ። ኳሳሮች የበዙበትና ከዋክብት በብዛት የተወለዱበት ዘመንም አንድ ነው፦ ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። የተለመደው ትንታኔ ኳሳሩ ጋላክሲውን ያመክነዋል ይላል፤ ጋዙን ያሞቀዋል፣ ጠርጎም ያስወጣዋል። ማርካሪያን 231 በተባለ ጋላክሲ በ2010 እ.ኤ.አ. የታየው ንፋስ በዓመት የ700 ፀሐዮችን ያህል ጋዝ ያባርር ነበር፤ ጋላክሲው በዚያው ዓመት ወደ ኮከብ ከሚለውጠው እጅግ የሚበልጥ ነው።

ይህን ትንታኔ ከሚያወሳስቡት ጥናቶች አንዱ የአዲስ አበባ እጅ አለበት። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የነበሩት ሰርቢያዊቷ ዶክተር ሚርያና ፖቪች ከሩዋንዳ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ከዋክብት መውለድን ወደ ማቆም የሚያዘግሙ ጋላክሲዎችን መረመሩ። እምብርታቸው የነቃው፣ ማለትም ጥቁር ጉድጓዳቸው ጋዝ የሚውጠው፣ ኮከብ በመሥራት ካልነቃው በልጠው ተገኙ። ወናፍ ፍም ያቀጣጥላል፣ ሲበረታም ይበትነዋል፤ ከኳሳር የሚነሣው ንፋስም ጋዙን ጨምቆ ኮከብ ሊያስወልድ ይችላል።

ነገሩን ከልክ በላይ መለጠጥ ግን አይገባም። የተመረመሩት ጋላክሲዎች በታህተ ቀይ ጨረር የደመቁት ብቻ ናቸው፤ ጋዛቸውን ጨርሰው የደረቁት በምርጫው አልገቡም። እምብርታቸውም ቢሆን እንደ 3ሲ 273 የሚያንጸባርቅ አይደለም፤ ደብዘዝ ያሉ የኳሳር ዘመዶች ናቸው።

ለእኔ ትልቁ ችግር የጊዜ አለመጣጣም ይመስለኛል። ኳሳር ብዙውን ጊዜ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ይከስማል፤ የከዋክብት ልደት መቋረጥ ግን በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ሊጎተት ይችላል። ስለዚህ በደረቀ ጋላክሲ ውስጥ ኳሳር መታጣቱ ኳሳሩን ከጥርጣሬ ነፃ አያወጣውም፤ ኮከብ በሚወልደው ጋላክሲ ውስጥ መገኘቱም አዋላጁ እሱ ነው አያሰኝም።