ወረቀት የሌላቸው የባሌ ቡችሎች

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ጆሮዋ እስከ አገጯ የተንጠለጠለ ስፓኒየል ውሻ አለችው፤ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። ሳጥን አሠርቶላታል፣ ፎጣ አንጥፎላታል፣ አምፖል ሰቅሎላታል፣ የእንስሳት ሐኪሙንም ስልክ በእጁ ይዟል። «አንተ የውሻ ነገር ታውቃለህ፣ ምን ጎደለ?» አለኝ። ምንም እንዳልጎደለ፣ ዝም ብሎ ብቻዋን እንዲተዋት ነገርኩት። «ዘሯ እኮ ንጹሕ ነው፤ ወረቀት አላት» ሲለኝ ግን አላስቻለኝም። እኛ ዘንድ ባሌ ውስጥ ከእሷ የጠራ ዘር ያላት፣ ያለ ፎጣና ያለ አምፖል ውርጭ ላይ የምትወልድ አለች አልኩት። የእረኞች ውሻ መስሎት ሳቀብኝ። እኔ ያልኩት ቀይ ቀበሮን ነው።

ለማያውቃት በአጭሩ፦ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም የትም የለችም። ወንዱ 16፣ ሴቷ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። በዱር የቀሩት አዋቂዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ምግባቸው አይጥና ፍልፈል ነው፤ የባሌ ቀበሮዎችን ዓይነ ምድር የመረመሩ ሰዎች ከበሉት ውስጥ 96 ከመቶው ይኸው ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ በግ ጨረሰብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ጅብንና የጎረቤቱን ውሻ ቢጠረጥር ይሻለዋል።

ስሟ አሳሳች ነው። ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1840 ከሰሜን ተራሮች ባገኛት ናሙና መሠረት ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቃት፤ የሳይንስ ስሟም «ሲሜንሲስ» ሆኖ ቀረ። የዘረ መል ምርመራ ሲደረግላት ግን ቆላ ከምናያቸው ቀበሮዎች ይልቅ ለአውሮፓና ለእስያ ግራጫ ተኩላ ቀርባ ተገኘች። ውሻም ከግራጫ ተኩላ የወጣ ነውና ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ልጆቿን ግልገል ሳይሆን ቡችላ የምለው ለዚህ ነው። ተኩላ በሏት የሚሉ ምሁራንን አልቃወምም፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ቀይ ቀበሮ ስላት ኖሬ አሁን አፌ አይገራም።

የባሌ ኦሮሞ ደግሞ ጄዳላ ፈርዳ ይላታል፣ የፈረስ ቀበሮ። ፈረስ ትበላለች ማለት መስሎኝ ኖሮ ዲንሾ አጠገብ ከብት የሚያግዱ አንድ አዛውንትን ጠየቅኩ። «የለም ልጄ» አሉኝ፣ «ባዝራ ወይም ላም ምጥ ሲይዛት ከኋላዋ ትከተላለች። ውርንጭላውን አትነካም፤ የእንግዴ ልጁን ነው የምትጠብቀው።» ስሟ ራሱ ከወሊድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ወደ እሷ ወሊድ ልምጣ። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ትጠቃለች፤ እርግዝናዋ ከ60 እስከ 62 ቀን ይፈጃል፣ ከውሻ እምብዛም አይለይም። ዝናሙ ሲያባራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ትወልዳለች። የቤት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ስትችል ይህች አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በመንጋው ውስጥም እንደ ደንቡ የምትወልደው አንዷ የበላይ ሴት ናት። ከሁለት እስከ ስድስት፣ አልፎ አልፎም ሰባት ቡችሎች ይወለዳሉ። ዓይናቸው የተከደነ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ መልካቸው ደግሞ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ከዚህ ጥቁር ጨርቅ ያ ቀይ እሳት ይወጣል ቢባል መጀመሪያ ያየ ሰው አያምንም።

አሁን የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። ሰው ሁሉ ቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ ትኖራለች ይላል። ትምህርት ቤት የሳልነው ሥዕል ላይ እንኳ ከጉድጓድ አፍ ብቅ ያለ ራስ ነበር። ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ አትኖርም! በባሌው የሳነቴ ከፍታ ሜዳ ላይ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። በዚያ ውርጭ መንጋው በሙሉ ሜዳ ላይ፣ ከሰማይ በታች ተጠቅልሎ ያድራል፤ አፍንጫውን ጭራው ሥር ቀብሮ እንደ ድንጋይ ይተኛል። ጉሬው የአራስ ቤት ነው። የሚገቡበት ቡችሎቹና የምታጠባቸው ብቻ ናቸው። ቋጥኝ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ይቆፈራል፤ ቡችሎቹ ካደጉ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የአራስ ቤት መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል፤ አድራሻው ይቀያየራል። እናትየዋ ቡችሎቿን ከአንዱ ጉሬ ወደ ሌላው፣ አንዳንዴ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ታጓጉዛለች። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ወይብ ሸለቆ ስወጣ ጉሬ ሲያሳዩኝ ከደስታዬ የተነሣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ተጠጋሁ። አንዲት ቀበሮ ኮረብታ ላይ ቆማ አጭር አጭር ጩኸት ትጮህ ነበር፤ ሰላምታ መስሎኝ ፎቶ አነሣኋት። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ስመለስ ጉሬው ባዶ ነው። አራስ አስነሥቻለሁ! አብሮኝ የነበረው ጠባቂ ምንም አልተናገረኝም፤ ፊቱን ማየት ግን በቃኝ። ስለዚህ ካሜራ አንጠልጥላችሁ የምትመጡ ወዳጆቼ፣ ጉሬ አፍ ላይ ተንበርክካችሁ የምታነሡት ፎቶ ሌሊቱን ሙሉ የእናት ጭነት ይሆናል። የሩቅ ማያ መነጽር ይዛችሁ ራቅ በሉ።

ራቅ ብዬ መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ዋናውን ነገር ያየሁት። ኅዳር ውስጥ፣ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና ሳይቀልጥ፣ መንጋው ይሰበሰባል። እየተሽኮረመሙ፣ ጭራ እየቆሉ፣ አፍ ለአፍ እየተላላሱ ይሳለማሉ። ከዚያ ድንበራቸውን ዞረው እየሸኑ ያጥሩና ይበታተናሉ፤ አደን ለየብቻ ነው፣ አይጥ በጋራ አይታደንምና። አንድ አዋቂ ግን ጉሬው አጠገብ ይቀራል። ጅብ ወይም ንስር ብቅ ካለ የሚያባርረው እሱ ወይም እሷ ነው።

እናትየዋ ስምንት ጡት አላት፤ ወተት የሚሰጡት ግን ስድስቱ ብቻ ናቸው። ይህ ብቻዋን ለማሳደግ ጠባብ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ሌላዪቱ ሴት፣ ብዙ ጊዜ ትልቋ ልጇ ወይም እህቷ፣ ራሷ የምታሳድገው ቡችላ ሳይኖራት ወተት መጥቶላት ታጠባለች። በባሌ ከተጠኑት ጉሬዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ከአንድ በላይ አጥቢ ታይቷል። እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ቡችሎቹ ወተት ብቻ ይጠባሉ፤ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ደጅ መውጣት ይለምዳሉ። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት በወተቱ ላይ ሥጋ ይጨመራል። ሥጋው የሚመጣው በሆድ ተጭኖ ነው። አንድ ወንድ ረፋድ ላይ ሲመለስ ቡችሎቹ ወረሩት፤ የአፉን ጥግ እየላሱ አላፈናፍን አሉት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ያደነውን ሁሉ አስመለሰላቸው። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፊቱን አጨማደደ። እስከ ስድስት ወር የሚበሉትን የሚያቀርቡላቸው እነዚሁ አጎቶች፣ አክስቶችና ታላላቅ ወንድሞች ናቸው።

ስለ አባት ጉዳይ ዝም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የነገሩ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው። ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ናቸው ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ወጥተው የሚሄዱት። ስለዚህ መንጋው በወንድማማችና በዘመድ ወንዶች የተሞላ ነው። የበላይዋ ሴት ከመንጋዋ ወንዶች የምትቀበለው አለቃውን ብቻ ነው፤ ከጎረቤት ድንበር የሚመጣውን ወንድ ግን አትመልስም። በባሌ ከታዩት ጥቂዎች 70 ከመቶ ያህሉ ከጎረቤት ወንድ ጋር ነበሩ። ወረቀት የሚጽፉ ውሻ አርቢዎች ይህን ቢሰሙ ራሳቸውን ይይዛሉ። ተፈጥሮ ግን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ያበጀችው መላ ነው፤ ለብዙ ሺህ ዓመትም ሠርቷል።

ነገሩ የተበላሸው ጎረቤቱ ሲቀየር ነው። ጎዳንቱ በሚባለው ወቅታዊ የከብት ስምሪት ጊዜ ከብት ወደ ደጋው ሲነዳ ውሻም አብሮ ይወጣል። የእኛ አገር ውሻ ቀን ቀለብ፣ ማታ ማሰሪያ የለውም፤ ቀበሮዋ ደጅ ላይ አይጥ ያድናል። ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ የመቀበል ልማድ ያላት ሴት ወንድ ውሻ ሲመጣም አትመልስም። ወይብ ውስጥ ከቀበሮ ሴትና ከወንድ ውሻ የተወለዱ ዲቃሎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ታይተዋል፤ አፈ ሙዛቸው አጠር ያለ፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ፣ መልካቸው የተዘበራረቀ። ንጹሕ ዘር ብለን ከውጭ በብዙ ሺህ ብር የምናስመጣ ሰዎች በእጃችን ያለውን በዚህ ዓይነት እናቀጥነዋለን።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በሽታው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 ገብቶ የባሌን መንጋዎች ፈጀ። በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጣ፤ በመሐል በ2005 እና በ2010 ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ተራውን ወሰደ። በውርጭ ሌሊት ተያይዞ የሚተኛ፣ ጠዋት ጠዋት አፍ ለአፍ የሚላላስ፣ ያደነውን ለሌላው ልጅ የሚያስመልስ መንጋ ውስጥ አንዱ ከተለከፈ ማን ይተርፋል? ቡችሎቹን የሚያሳድገው ያ ፍቅር ራሱ የበሽታው መንገድ ይሆናል።

ሮቤ ላይ ጽሕፈት ቤት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን እየያዙ በመርፌ በመከተብ በሽታው ከወይብ ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች እንዳይሻገር ተደርጓል። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ማታ ማታ ይበተንላቸዋል፤ ቀበሮዋ በልታ ትሄዳለች፣ የያዛትም የነካትም የለም። ይህን ብልሃት ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

የአክስቴ ልጅ ውሻ አምስት ወለደች፤ ሁሉም ደኅና ናቸው፣ ክትባታቸውንም ጨርሰዋል። ኅዳር ላይ ወደ ባሌ ሊመጣ አስቧል፤ ስፓኒየሏንም ይዣት ልምጣ ብሎኛል። ለእሱ የመለስኩትን ለእናንተም ልድገመው፦ እናንተ ኑ፣ ዲንሾ ላይ አስጎብኚ ያዙ፣ የጎባን መንገድ ይዛችሁ ሳነቴን ስታቋርጡ በዝግታ ንዱ። ውሻችሁን ግን ቤት እሰሩት።